ይሁን ማለት እሺ ማለት አይደለም

በደባርቅ የበቅሎ ጫኞች ማኅበር ጸሐፊ ሆኜ ስሠራ ስምንት ዓመት አልፎኛል። ከስምንቱ ሰባቱን ያሳለፍኩት ከአንድ ሶፍትዌር ጋር ነው። ከባለቤቴ ጋር እንኳ ያን ያህል ፊት ለፊት ተቀምጬ አላውቅም። ጠባዩን አውቃለሁ፣ አመሉን አውቃለሁ፣ ከትንሽነቱ ጀምሮ ሲያድግ አይቻለሁ፤ ክፉውንም ደጉንም ብናገር ከሰው ሰምቼ አይደለም። ተናድጄ እንደምጽፍ አንባቢ አስቀድሞ ይወቀው። ልረጋጋና ልጻፍ ብዬ ሁለት ወር ጠብቄ ነበር፤ አልረጋጋሁም።

ሥራችንን ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ተራራውን በእግሩ ሊያይ የመጣ እንግዳ ድንኳኑን፣ ስንቁንና የማብሰያ ጋዙን የሚጭንለት በቅሎ ይፈልጋል። በቅሎ ያላቸው ገበሬዎች ደግሞ በየአጥቢያው ብዙ ናቸው። ሁሉም እኔ ልቅደም እንዳይል ተራ አለ። አስጎብኚው አምስት በቅሎ ሲጠይቅ ተራ የደረሳቸው አምስቱ ይጠራሉ፤ ጭነው ሄደው ሲመለሱ ከመጨረሻ ይሰለፋሉ። ተራ እዚህ አገር እንደ መሬት ነው። ሰው ሲሞት ተራው አብሮት አይቀበርም፤ የቤቱ ነው። ሚስቱ ወይም ልጁ እስኪረከቡ ድረስ የእገሌ ቤት ተራ እየተባለ ይጠበቃል። ይህ በማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ላይ አልተጻፈም። መጻፍ ያስፈልገዋል ብሎ ያሰበ ሰውም አልነበረም።

እኔ ስቀጠር ተራው የሚያዘው በባሕር መዝገብ ነበር። ዳርና ዳሩ በእርሳስ ማስታወሻ የተሞላ ነው፦ «ሐዘን ላይ ነው፣ ይቆይ»፣ «የበቅሎዋ ጀርባ ቆስሏል፣ እስኪድን»፣ «ነገ ሚካኤልን ይዘክራል»። ቆንጆ መዝገብ ነበር ብዬ ግን አልዋሽም። የያኔው ሊቀመንበር አማቾች ተራቸው ባልደረሰበት ቀን ሲጭኑ በዓይኔ አይቻለሁ። ራሳቸው ሊቀመንበሩ ላጲስ ይዘው ሲመጡ ወንበሬን እለቅላቸው ነበር። ምን ላድርግ፤ አዲስ ተቀጣሪ ነበርኩ።

ስለዚህ ሶፍትዌሩ ሲመጣ ከማኅበሩ ሰው ሁሉ አብልጬ የተደሰትኩት እኔ ነኝ። ዳባት ላይ የሦስት ቀን ሥልጠና ተሰጠን። ከአዲስ አበባ የመጣችው አሠልጣኝ ሰሌዳው ላይ ሣጥን ሣጥን እየሣለች በቀስት አገናኘችው። የአስጎብኚው ጥያቄ ይገባል፤ ሶፍትዌሩ ተራ የደረሰውን ይፈልጋል፤ ወደ ስልኩ መልእክት ይልካል፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ካልመለሰ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ላጲስ የሚገባበት ቦታ የለውም። እኔ በዚያ ሰሌዳ ፍቅር ያዘኝ። ወደ ደባርቅ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ሥዕሉን በደብተሬ ላይ እየገለበጥኩ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት እውነትም ደህና ነበሩ። የማንም አማች አልቀደመም። «ለምን እኔ ዘገየሁ?» ብሎ የሚመጣ ሰው ሲኖር ስክሪኑን አዙሬ አሳየዋለሁ። «ኮምፒውተሩ ነው» እላለሁ። ይህች ቃል እንዴት እንደምትጣፍጥ! እግሬን ዘርግቼ የምቀመጥባት ቃል ሆነች። ሰው ቢያለቅስ ኮምፒውተሩ ነው፣ ቢቆጣ ኮምፒውተሩ ነው። መዝገብ ስይዝ ሰዎች ይለምኑኝም ይሰድቡኝም ነበር፤ አሁን ማንም ምንም አይለኝም። ያኔ ይህን እረፍት ነው ያልኩት።

በተራራው መንገድ ላይ ካለው ከቡይት ራስ ወዲያ ኔትወርክ እንደማይደርስ፣ መልእክቱ ሳይገባለት ተራው ያለፈው ሰው እንዳለ አውቅ ነበር። ሶፍትዌሩን ለሠራው ኩባንያ ጻፍኩ። በሁለተኛው ዓመት ሁለቱን ሰዓት ስድስት አደረጉልኝ። እንዲያውም አመስግኜ ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ ዛሬ ሳስበው እጄን መብላት ያምረኛል።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ አንድ አንድ ነገር ይጨመርበት ጀመር። ማደስ ይሉታል። ጠዋት ስከፍተው አንድ አዲስ ቁልፍ ተጨምሮ ይጠብቀኛል። በአራተኛው ዓመት ላይ «ሰው ሠራሽ አስተውሎት ተጨምሯል» የሚል ደብዳቤ ደረሰን። አሁን መልእክት መላክ ብቻ ሳይሆን ማን እንደሚመጣና ማን እንደሚቀር አስቀድሞ ይገምታል ተባለ። ግምቱ ምን መሰላችሁ? አንድ አጥቢያ አለ፤ ሰዎቹ ሚካኤልን በየወሩ አጥብቀው ያከብራሉ፣ ወር በገባ በአሥራ ሁለት በቅሎ አይጭኑም። በመዝገቡ ዘመን «ነገ ሚካኤል ነው፣ ለከነገ ወዲያ አድርጊልኝ» ይሉኛል፣ አደርግላቸዋለሁ፣ አለቀ። ለሶፍትዌሩ ግን በየወሩ ድንገት የሚጠፉ ሰዎች ሆነው ታዩት። ከየስማቸው ጎን ቢጫ ምልክት አኖረና «አስተማማኝነት፦ ዝቅተኛ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ አጥቢያ ሰው ሁሉ አረንጓዴ ምልክት ያገኘው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በዓል የማያከብር የታወቀ ሰካራም ነው። በየጠላ ቤቱ «መንግሥት የመሰከረልኝ ሰው ነኝ» እያለ ዓመቱን ሙሉ ሲፎክር ከረመ።

ያኔ ስቄ አለፍኩት። ለባለቤቴ ነግሬው አብረን ሳቅን። መናደድ የነበረብኝ ያኔ ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት የድምፅ ቅሬታ መጣ። መጻፍ የማይችል አባል ደውሎ ይናገራል፤ ሶፍትዌሩ ሰምቶ ወደ ጽሑፍ ይለውጥና በሁለት መስመር አሳጥሮ ያቀርብልኛል። ከሥሩ የውሳኔ ሐሳብም ያስቀምጣል። እኔ አንብቤ «ይጽደቅ» የሚለውን መጫን ብቻ ነው። እውነቱን ልናገር፤ እፎይ ብያለሁ። የኛ አገር ሽማግሌ ስልክ ሲይዝ ቶሎ ወደ ነገሩ አይገባም። እንደምን ሰነበታችሁ አለ፣ ልጆቹስ አለ፣ ከብቱስ አለ፣ አዝመራው እንዴት ይዟችኋል አለ። ስሙን ሳይናገር ሰላምታው ራሱ ያልቃል። ሶፍትዌሩ ያን ሁሉ ቆርጦ «አባሉ ስለ ተራቸው ጠይቀዋል» ብሎ ይሰጠኛል። በቀን ሠላሳ አርባውን ሳልሰማ አጸድቅ ነበር። አልፎ አልፎ ድምፁን የማውቀው ሰው ሲሆን እከፍተዋለሁ።

በደሉ የደረሰባቸውን ሴትዮ የማውቃቸው ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። አንድ አጥቢያ ነን። ወደ ድብ ባሕር ከሚያወርደው መንገድ ገባ ብሎ ነው ቤታቸው። አባቴ ሲሞት ሦስት ቀን ከእናቴ ጎን ሳይነሡ የተቀመጡ ሰው ናቸው። ስልሳ አልፏቸዋል። ባለቤታቸው ከማኅበሩ መሥራቾች አንዱ ነበሩ፤ ባለፈው ነሐሴ ታመው አረፉ። ልጅ የላቸውም። የቀረችላቸው አንዲት ዳማ በቅሎ ናት፤ መሬቱን ሌላ ሰው ያርሰዋል፣ ቤቱ የሚቆመው በዚያች በቅሎ ጀርባ ነው። ሐሳባቸው ተዝካሩ ሲወጣ በባላቸው ተራ ወንድማቸው በቅሎዋን እየነዳ እንዲጭንላቸው ነበር። ሁሉም የሚያውቀው፣ ሁሉም የሚያደርገው ነገር ነው።

ሶፍትዌሩ አያውቀውም። ለእሱ አንድ ተራ ማለት አንድ ሰውና አንድ ስልክ ቁጥር ነው። የሟቹ ስልክ ከጋቢያቸው ጋር ሣጥን ውስጥ ተዘግቶ ተቀምጧል። ወቅቱ ሲጀምር ወደዚያ ስልክ ሦስት ጊዜ መልእክት ተላከ። የሞተ ሰው ሦስት ጊዜ አልመለሰም። ሶፍትዌሩ «እንቅስቃሴ የሌለው አባል» ብሎ ፈረጀውና፣ በተጠሪነት ወደ ተመዘገበው ወደ ሴትዮዋ ስልክ ራሱ ደወለ። አሁን አሁን ራሱ ይደውላል፤ የሴት ድምፅም ተሰጥቶታል። «የያዙት ተራ በተጠባባቂነት ለተመዘገበ አባል ሊተላለፍ ነው። አስተያየት ካለዎት ከድምፁ በኋላ ይናገሩ» አላቸው።

እሳቸውም ተናገሩ። ቃል በቃል እጽፈዋለሁ፤ በልቤ ይዤዋለሁና። «እንደምን ሰነበታችሁ። ደህና ናችሁ ወይ። ልጆቻችሁ ደህና ናቸው? እኛ እንደው አለን፣ እግዜር ይመስገን። ባለቤቴ ካረፉ ገና ሁለት ወር አልሞላቸውም። በቅሎዋም ቆማ ነው የምትውል። ተራው የሳቸው ነበር፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። እንግዲህ እናንተ ይህን ካላችሁ፣ ይሁን። እኔ ምን እላለሁ። እግዜር ያያል።»

ሶፍትዌሩ ከዚህ ውስጥ ያወጣው ይህን ነው፦ «ባለተራዋ ሐዘን ላይ መሆናቸውን ገልጸዋል። ተራው ለሌላ አባል እንዲተላለፍ ተስማምተዋል። ስሜት፦ የተረጋጋ። የውሳኔ ሐሳብ፦ ይተላለፍ።»

ስሜት፦ የተረጋጋ! ዛሬም ይህችን መስመር ሳስብ ደሜ ይፈላል። ደጋ ላይ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ አንዲት ትልቅ ሴት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ይሁን» ስትል ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይነሣል። ምን በደልን ይባላል። ሽማግሌ ይፈለጋል። ጮኻ ብትሰድበን ይሻለናል። ይሁን ማለት በድላችሁኛል፣ እኔ ግን ከእናንተ ጋር አፍ አልካፈትም ማለት ነው።

ጸድቆ ወጣ። ተራው ለተጠባባቂ ተላለፈ። ይህም አልበቃው ብሎ ወደ ሴትዮዋ ስልክ የምስጋና መልእክት ላከ፦ «ስለ ትብብርዎ ከልብ እናመሰግናለን።»

በጥቅምት መጨረሻ፣ ገበያ ቀን፣ ቢሮ መጡ። ነጠላቸውን በሐዘን ደንብ አዘቅዝቀው ለብሰዋል። አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ሰላምታውን ከፊት እስከ ኋላ ጨረስን። ከዚያ ስልካቸውን ከመቀነታቸው ፈትተው አወጡ።

«ይህን የጎረቤቴ ልጅ አነበበችልኝ» አሉ። «ተባበርሽ ይላል አለችኝ። በምን ነው የተባበርኩት፣ ልጄ?»

ስክሪኑን ከፈትኩት። ምን እንደሚል ሳላየው አውቅ ነበር፤ ግን ለማየት ያህል ከፈትኩት። ቀና ብዬም አላየኋቸውም። «ተራው ተላልፏል፣ እማማ» አልኩ። «ተስማምተዋል ይላል።»

«እኔ?»

«ኮምፒውተሩ ነው።»

ወደ በሩ ዞረው አዩ፤ ውጭ የሰው በቅሎዎች ተሰልፈው ጭነት ይጠብቃሉ። «እንግዲያ በቅሎዋን ልሽጣት ይሆናል» አሉ። «የዛሪማ ነጋዴዎች ሲጠይቁኝ ነበር። ቆማ ከዋለች ምን ላበላት ነው?» ተነሡና ወጡ። ሰላም ዋይ አሉኝ፤ እንደ ሁልጊዜው።

እንዳይሸጡ ቶሎ ሰው ላክሁባቸው። ከዚያ ውጊያው ጀመረ። መጀመሪያ ራሴ ልመልሰው ሞከርኩ፤ «የጸደቀ ውሳኔ መቀልበስ አይቻልም» አለኝ። ወደ አሁኑ ሊቀመንበር ሄድኩ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ግን ስለ ሶፍትዌሩ የሚያውቁት በየወሩ የሚወጣውን ባለቀለም ሪፖርት ብቻ ነው። «ራሷ ተስማምታለች ከተባለ እኛ ምን እናድርግ?» አሉኝ። ወደ ኩባንያው የድጋፍ ክፍል ደወልኩ። ሦስት ቀን የስልክ ሙዚቃ እያሰሙ አቆዩኝ። በአራተኛው ቀን አንድ ሰው አነሣ።

ነገሩን ሁሉ አስረዳሁት። ድምፁን ከፍቶ ሰማው። «ይሁን ብለዋል እኮ፣ እህቴ» አለኝ። «ሲስተሙ በአማርኛ በደንብ ሠልጥኗል። ይሁን ስምምነት ነው።»

«አንተ እናትህ ተቀይማ ይሁን ስትልህ ተስማማች ብለህ ትወጣለህ?»

ሳቀ። «እኔ እንኳ አልወጣም» አለ።

«ታዲያ?»

«እኔ ሌላ ነኝ። ሲስተሙ የተባለውን ነው የሚወስደው።»

የተባለውን! ሰላምታውን ቆርጦ ጥሎ፣ «በቅሎዋ ቆማ ነው የምትውል» ያሉትን ቆርጦ ጥሎ፣ «ተራው የሳቸው ነበር» ያሉትን ቆርጦ ጥሎ የተባለውን ይወስዳል። ስልኩን ዘግቼ ጠረጴዛውን በጥፊ መታሁት። እጄን አመመኝ እንጂ ሌላ ምንም አልሆነም።

ከማኅበሩ ሽማግሌዎች አንዱ ቄስ ናቸው፤ መምሬ እንላቸዋለን። እሳቸውም ባለ በቅሎ ናቸው። ነገሩን ስነግራቸው ጺማቸውን ይዘው ሰሙኝና ሳቅ አመለጣቸው። «አይ ልጄ» አሉ። «አሜን ማለት እኮ ይሁን ማለት ነው። ይህ ዕቃችሁ አማርኛ የተማረው ቅዳሴ ላይ ይሆናል እንጂ ገበያ ወጥቶ አያውቅም።» ከዚያ ሳቃቸውን ተውና፣ «ደግሞስ እግዜር ያያል ብላለች አላልሽም? እግዜር ያያል ያለ ሰው ነገሩን አልጨረሰም። ይግባኝ ብሏል። ካንቺ ቢሮ አውጥቶ ወደ ላይ ወስዶታል። ይህን እንኳ ማን ይዘጋዋል ብላችሁ ነው የዘጋችሁት?» አሉኝ።

ዘጋችሁት ሲሉ ዓይናቸው እኔ ላይ ነበር። እኔ ግን ማሽኑን የሚያሙ መስሎኝ አብሬ አማሁት። ሳምንቱን ሁሉ እንዲያ ነበርኩ። ለጫኙ፣ ለአስጎብኚው፣ ለሻይ ቤቷ ባለቤት፣ ለሁሉም «ይህ ማሽን ሰው አስጨረሰን» እላለሁ። ድምፁን ሰምተሽው ነበር ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ቢጠይቀኝ አልሰማሁም ልለው ተዘጋጅቼ ነበር፤ ሊቀመንበሩ በጨዋታ መሃል ሲያነሡት እንዲያውም አልሰማሁም ብያለሁ። «ስንቱን እሰማለሁ፣ ጌታዬ» አልኳቸው።

በመጨረሻ የድጋፍ ክፍሉ ሰው አንድ መንገድ ተገኘ አለኝ። ባለተራዋ ራሳቸው በሌላ የድምፅ መልእክት አለመስማማታቸውን በግልጽ ከተናገሩ ጉዳዩ እንደ አዲስ ይከፈታል። እንዲያ ከሆነ ብዬ ሴትዮዋን አስጠራኋቸው። መምሬም ምስክር ይሆኑ ዘንድ መጡ። ሦስታችን ቢሮው ውስጥ ተቀመጥን፤ ስልኩን ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

«ከመጀመራችን በፊት» አለ የድጋፍ ክፍሉ ሰው፣ «መዝገቡን ላንብብላችሁ፤ ደንብ ነው። የባለተራዋ መልእክት የገባው ዓርብ ቀን ነው። በጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ መለያ ተከፍቶ ሙሉ በሙሉ ተደምጧል። ከዚያ የውሳኔ ሐሳቡ በዚያው መለያ ጸድቋል።»

ለክፋት አላነበበውም። የሚያነበው ምን እንደሆነም ልብ ያለው አይመስለኝም። እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። መምሬ ወደ መሬት አዩ። ሴትዮዋ እኔን አዩኝ።

አዎ፣ ሰምቼው ነበር። ስማቸውን አይቼ ከፍቼ ከእንደምን ሰነበታችሁ እስከ እግዜር ያያል ድረስ ሰምቼዋለሁ። ይሁን ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ ከማንም የተሻለ አውቄያለሁ። ግን ዓርብ ቀትር ነበር፤ መብራት ሊጠፋ ነው ተብሎ ነበር፤ ከፊቴ ሃያ የሚሆን ያልጸደቀ ጉዳይ ተደርድሯል። የውሳኔ ሐሳቡን ልቃወም ብል ሦስት ገጽ መሙላት አለብኝ። ምክንያት ምረጪ ይለኛል፤ የተሳሳተ ቁጥር፣ የተደጋገመ ጥያቄ፣ የቴክኒክ ችግር። ሰው እንዲህ ሲል እንዲህ ማለቱ ነው የሚል ምክንያት ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ደግሞ የተቃወምኩት ሁሉ በወሩ ሪፖርት ላይ ቀይ ሆኖ ይወጣል፤ ሊቀመንበሩም አንድ ጊዜ «ከማሽኑ ጋር ምን አጣላሽ?» ብለውኝ ነበር። «ይጽደቅ» የሚለው ግን አንድ ቁልፍ ነው። ተጫንኩት። ምሳዬን ልበላ ሄድኩ። በላሁም።

«እሺ፣ እናታችን ይናገሩ» አለ ስልኩ።

ሴትዮዋ፣ «ምን ልበል?» አሉ። የጠየቁት መምሬን ነው።

እኔ ቀድሜ መለስኩ። አፌን ምን እንደነዳው አላውቅም። «አልተስማማሁም ይበሉ፣ እማማ። በግልጽ ይናገሩ። ዙሪያ ጥምጥም ከሆነ አይገባውም።»

«እኔ ሰው ፊት ለፊት ከስሼ አላውቅም» አሉ።

«ግድ የለም፣ ይናገሩ» አሉ መምሬ፤ «ዛሬ ቢናገሩ አይከፋም።»

ስልኩን በሁለት እጃቸው ከጠረጴዛው አነሡት። ወደ አፋቸው አስጠጉት። ሰላምታ አልሰጡም። እሳቸው ያለ ሰላምታ ሲናገሩ ያን ቀን ብቻ ነው የሰማሁት።

«አልተስማማሁም» አሉ። «የባለቤቴን ተራ ይህች ልጅ ሰምታኝ ለሰው ሰጠችብኝ። ዕቃው አያውቀኝም። እሷ ታውቀኛለች።»

ስልኩን መልሰው አኖሩት። ጥቂት ቆይቶ በኮምፒውተሩ ላይ ሁለቱ መስመር መጣ፦ «አመልካቿ አልተስማሙም። ቅሬታቸው በጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ ላይ ነው።» በሰባት ዓመት ሙሉ የሰውን ቃል እንዲህ ጥርት አድርጎ ሲይዝ አይቼው አላውቅም። አንድ ፊደል የሚነቀል የለውም። መምሬ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት።

ተራው በሳምንቱ ተመለሰ። የወሰደውም ሰው እንዳይጎዳ ሰልፉ ላይ አንድ ቁጥር ተጨመረ፤ ቀላል ነገር ነበር፣ ከመጀመሪያውም ሊደረግ ይችል ነበር። ኩባንያውም ይሁን የሚል ቃል ያለበትን መልእክት ሁሉ ሰው ይስማው ብሎ ትእዛዝ አስገባ። አሁን ይሁንና፣ ይሁንልን፣ ቢሆንም ባይሆንም ሁሉ እየተለቀመ እኔ ላይ ይወርዳል። ቀኑን ሙሉ ስሰማ እውላለሁ። ከነሰላምታው እሰማለሁ። በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ሊቀመንበሩን እንደዋሸኋቸው ተናግሬያለሁ፤ ማስጠንቀቂያ ጽፈውልኝ ሥራዬ ላይ ቆይቻለሁ። በሶፍትዌሩ እናደዳለሁ፤ በኩባንያው እናደዳለሁ፤ የመቃወሚያውን ቅጽ ሦስት ገጽ አድርጎ የሠራውን ሰው ባገኘው የምለውን አዘጋጅቻለሁ። ግን ያን ንግግር በአሳቤ ስጀምረው ሁልጊዜ የማወራው ለራሴ ሆኖ አገኘዋለሁ።

ሴትዮዋ በቅሎዋን አልሸጧትም። ተራቸው ሲደርስ ራሳቸው እየሳቡ ከቤታቸው ያመጡና ከከተማው በላይ ለወንድማቸው ያስረክባሉ። ወደ ቡይት ራስ የሚወጣ በቅሎ ሁሉ በቢሯችን በር ነው የሚያልፈው፤ ሜዳ ነው፣ አጭር ነው፣ ሰዎቹም በመስኮት ሰላም ብለውኝ ያልፋሉ። እሳቸው ግን ከቤተ ክርስቲያኑ ኋላ በላይኛው መንገድ ይዞራሉ። ያ መንገድ ሩቅ ነው፣ ዳገትም አለው። ባለፈው ማክሰኞ ከመስኮቴ ሆኜ አየኋቸው፤ የበቅሎዋን ለኮ ይዘው ሲወጡ ሁለት ጊዜ ቆመው አረፉ።